የአያቴ እናት ማን ነበሩ?

ጥያቄ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዕድሜዬ 41 ነው፤ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። እናቴን ባለፈው መጋቢት ቀበርኩ። ከማረፏ ሁለት ሳምንት በፊት፣ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲላት፣ «የአባቴን እናት ስም ሳላውቅ መሞቴ ነው፤ በጸሎት እንኳ ስማቸው ተነስቶ አያውቅም» አለችኝ። እኔ ደግሞ እስከዚያች ሌሊት ድረስ ስማቸውን የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

ቅድመ አያቴ የቡልጋ ሰው ናቸው፤ ባላምባራስ ነበሩ፤ በ1928 ማይጨው ላይ ሞተዋል። የአጎቴ ልጅ የቤተሰባችንን የዘር ሐረግ አሳምሮ አሳትሞ ለሁላችንም አድሎናል። እዚያ ላይ የባላምባራስ ሚስት ተብለው የተጻፉት አንዲት ወይዘሮ ብቻ ናቸው፤ አያቴም ከእሳቸው ሥር ተቀምጠዋል። እናቴ የነገረችኝ ግን ሌላ ነው። ወይዘሮዋ ለአያቴ እንጀራ እናት ናቸው። አያቴ የተወለዱት በ1919 ግድም ስለሆነ ማይጨው ሲሆን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ያሳደጓቸውም አክስታቸው ናቸው። ስለ ወላጅ እናታቸው ለልጆቻቸው አንድም ቀን አውርተው አያውቁም።

በእጄ ያለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የባላምባራስ የብራና ዳዊት ነው። መጨረሻው ቅጠል ላይ የክርስትና ስማቸው አለ፤ ከሥሩ የተፋቀ ቦታ፣ ቀጥሎ «ወለተ ኪዳን» ይላል። ሁለተኛው ከአያቴ ሳጥን የወጣ፣ ግማሹ የተቀደደ የፍርድ ወረቀት ነው። ከሳሹ አያቴ ናቸው፤ የተከሳሹም ስም ይነበባል። «እናቴ ከአባቷ በወረደላት ርስት» ይልና ስማቸው ሊመጣ ሲል ወረቀቱ ያልቃል። ዓመተ ምሕረቱም ተቀዷል፤ የቀረው «በዘመነ ሉቃስ» የሚለው ብቻ ነው።

ትልቁን አጎቴን በስልክ ብጠይቃቸው ተቆጡኝ። «የተቀበረ አታውጪ፤ ቤተሰቡን ልታዋርጂ ነው?» አሉ። አንዲት ዘመዳችን ደግሞ «ገረድ ይሆናሉ» ብላ ሹክ አለችኝ። በጥር ለሦስት ሳምንት አገር ቤት እገባለሁ። የእናቴ ሙት ዓመት መጋቢት ላይ ነው። ፍለጋዬን ልቀጥል ወይስ አጎቴን ልስማ? ብቀጥልስ ከየት ልጀምር?

ስሜ ይቆይ፣ ከሜሪላንድ

መልስ

እኅታችን፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ የእናትሽንም ነፍስ ይማር።

ከሁሉ በፊት አንድ ጥያቄ ለራስሽ አቅርቢላት። እናትሽ ያን ሌሊት የተናገረችው አደራ ነበር ወይስ ቁጭት? «ፈልጊልኝ» ማለቷን አልጻፍሽልንም። አደራ ነው ብለሽ ከያዝሽው መጋቢት ሲደርስ ባዶ እጅሽን የመጣሽ ይመስልሻል። ቁጭት ከሆነ ግን አብረሽ የተሸከምሽላት ነገር ነው፤ ጊዜ ይሰጣል። ሙት ዓመቱን ለፍለጋው ቀነ ገደብ እንዳታደርጊው እንለምንሻለን። በዘር ሐረግ ውስጥ የተሳሳተ ስም ብዙውን ጊዜ የሚገባው ድግስ ወይም የመቃብር ሐውልት ሲደርስ ነው። ባዶ ቦታ ማየት ያሳፍራልና ቀረብ ያለው ስም ይሞላበታል፤ ድንጋይ ላይ ከተቀረጸ በኋላ ደግሞ ማን ደፍሮ ያርመዋል?

ስለዚህ ቀጥይ። አጎትሽን አልፈሽ ግን አይሁን።

«የተቀበረ አታውጪ» የሚል የሰባ ዓመት ሽማግሌ ቁጣው ከምን እንደመጣ እስኪገባሽ ድረስ አትከራከሪው። ምናልባት ሹክ የተባለልሽን ወሬ እሳቸውም በልጅነታቸው ሰምተውት ይሆናል። ምናልባት አባታቸው ዕድሜ ልካቸውን ዝም ያሉበትን ነገር መናገር አባትን እንደ መካድ ሆኖባቸው ይሆናል። ወይም ደግሞ ነገሩ የቤት፣ የቦታ፣ የወራሽነት ጣጣ እንዳያመጣ ፈርተው ይሆናል። ሦስቱም መልሳቸው የተለያየ ነው። «ምን እንዳይመጣ ነው የፈሩት?» ብለሽ አንድ ጊዜ በለሰለሰ ድምፅ ጠይቂያቸው፤ የሚሉሽንም ሳታቋርጪ ስሚ። አንቺ ከምታገኚያቸው መዝገቦች ሁሉ የሚበልጠው እሳቸው ዘንድ ያለው ነው፤ እሳቸው ራሳቸው ማወቃቸውን ላያውቁት ይችላሉ እንጂ።

አሁን ወደ ሹክሹክታው እንምጣ፤ ልብሽን እንዳቆሰለው ከአጻጻፍሽ ያስታውቃል። በዚያ ዘመን አብዛኛው ሰው የሚጋባው በሰማንያ ነበር። በቁርባን የሚጋቡት በብዛት ካህናትና በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት ናቸው። ከዚህ ሌላ ለተወሰነ ጊዜ በተወሰነ ክፍያ የሚገባ የደሞዝ ጋብቻ ነበር፤ ዘመቻና መንገድ የሚያበዛ ሰው ይገባው ነበር። ባርነትም ነበር፤ ያኔ «ገረድ» ሲባል ባሪያ ማለትም ሊሆን ይችላል። ቀስ በቀስ የሚያስቀረው አዋጅ በ1916 ወጣ፤ ጨርሶ የታገደው በ1934 ነው። አያትሽ የተወለዱት በሁለቱ መካከል ስለሆነ ጥያቄውን ያነሳችው ዘመድሽ የማይሆን ነገር አላወራችም። ነገር ግን በእጅሽ ያለው ወረቀት ስለዚህ ጉዳይ ቃሉን ሰጥቷል፤ «ከአባቷ በወረደላት ርስት» ይላል። ርስት በዘር የሚወርድ መሬት ነው። ተገዝቶ ወይም ተማርኮ ከሩቅ የመጣ ሰው በዚያ አገር ከአባቱ የሚወርድለት ርስት አይኖረውም። እንግዲህ አያትሽ ፍርድ ቤት ቆመው የተናገሩት እውነት ከሆነ እናታቸው የአገሩ ልጅ፣ አባታቸው የታወቀ፣ ከወንድሞቻቸው ጋር መሬት የሚካፈሉ ሴት ነበሩ። በሰማንያ ይሁን በደሞዝ ወረቀቱ አይነግረንም። ይህን ግን አጎትሽን ለመርቻ አታውጪው። ገረድም ቢሆኑ ኖሮ የአያትሽ እናት ናቸው፤ ስማቸውም ሊጠራ ይገባው ነበር። አጎትሽ ይህን ከአንቺ አፍ ቀድመው ቢሰሙ ፍርሃታቸው ይቀልላቸው ይሆናል።

ከሁለቱ ማስረጃዎችሽ የሚበልጠው ዳዊቱ ይመስልሻል፤ ብራና ነው፣ ያምራል። ለፍለጋሽ ግን የሚበልጠው የተቀደደው ወረቀት ነው። ሴቶች ከዘር ሐረግ የሚጠፉት በአባት ስም ስንጠራ ነው። ርስት ግን በአባትም በእናትም ስለሚወርድ የርስት ሙግት ላይ ሴቶቹ ተመልሰው ይመጣሉ። ከሳሽ «ድርሻ አለኝ» ሲል መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት ጀምሮ እስከ ራሱ ድረስ ትውልድ መቁጠር ነበረበት፤ እገሌ እገሊትን ወለደ፣ እገሊት እኔን ወለደች እያለ። በሴት በኩል የመጣ ከሆነ ሴቲቱን ሳይጠራ ሊያልፍ አይችልም። ስለዚህ የተቀደደው ቁራጭ ላይ የነበረው የአያትሽ እናት ስም ብቻ አልነበረም፤ የአባታቸውና የአያታቸውም ስም ሳይኖርበት አይቀርም።

ቁራጩ ጠፋ ማለት ስሙ ጠፋ ማለት አይደለም። ተከሳሹን አስቢያቸው። በእናት ርስት ሲካሰሱ ፊት ለፊት የሚቆሙት ባዕዳን አይደሉም፤ መሬቱን ይዞ የተገኘው ብዙውን ጊዜ የእናቲቱ ወንድም ወይም የወንድማቸው ልጅ ነው። ያ የተከሳሽ ስም ዛሬ ላንቺ የባላጋራ ስም መስሎ ታይቶሽ ይሆናል፤ በጣም ሊሆን የሚችለው ግን የአያትሽ አጎት ወይም የአጎታቸው ልጅ መሆናቸው ነው። የፍርድ ግልባጭ ደግሞ ለሁለቱም ወገን ይደርሳል። ያንቺ ቤተሰብ ቅጂ ተቀደደ፤ የእነሱ ሳጥን ውስጥ ሙሉው ሊኖር ይችላል። የተረታም ሰው ቢሆን ይግባኝ ለማለት ወረቀቱን አይጥልም።

ወረቀቱን በደንብ ፎቶ አንሺና መስመር በመስመር ወደ ደብተር ገልብጪው። የማይነበበውን ፊደል በግምት አትሙይው፤ በነጥብ ተዪው። የመዝገብ ቁጥር ፈልጊ፤ ከላይ በስተቀኝ ወይም ማኅተሙ አጠገብ ሊሆን ይችላል። ማኅተሙ ዙሪያ የፍርድ ቤቱ ስም ይኖራል፤ የምክትል ወረዳ፣ የወረዳ ወይም የአውራጃ መሆኑን ለይተሽ ያዢ፣ መዝገቡ የሚፈለገው በዚያ ነውና። የመሬቱን አዋሳኞች እንዳታልፊያቸው። «በምሥራቅ የእገሌ፣ በምዕራብ የእገሌ» ተብለው የሚጠሩት ባለመሬቶች በርስት አገር ብዙውን ጊዜ ወንድማማችና የወንድማማች ልጆች ናቸው። የቦታውም ስም ካለ የአያትሽ እናት የተወለዱበትን አጥቢያ አገኘሽ ማለት ነው። ከባላምባራስ አጥቢያ የተለየ ቢሆን አይግረምሽ፤ ሴት ወደ ባሏ አገር ትሄድ ነበርና። አንድ ቃል ደግሞ ፈልጊ፤ «ሟች»። «ሟች እናቴ» ካለ ያኔ አርፈዋል። ካላለ ግን በሕይወት ያሉ ሆነው ልጃቸው በውክልና ተሟግተው ሊሆን ይችላል።

ዘመነ ሉቃስ ብቻውን ብዙ ይነግርሻል። ዓመተ ምሕረቱን ለአራት ስታካፍይው 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ከተረፈ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። አያትሽ በ1919 ከተወለዱ በራሳቸው ስም ለመክሰስ የሚደርሱት በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው። የገጠር መሬት ደግሞ የካቲት 25 ቀን 1967 በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን የርስት ክርክር ሁሉ አበቃ። በዚህ መካከል የሚውሉት የሉቃስ ዓመታት 1939፣ 1943፣ 1947፣ 1951፣ 1955፣ 1959፣ 1963 እና የ1967 የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ናቸው። ወረቀቱ ላይ ከቀኑ ጋር ዕለቱ ተጽፎ እንደሆነ ተመልከቺ፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስ የሚል። በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን የሚውልበት ዕለት በአምስት ስለሚገፋ ያው ቀን ከ1939 እስከ 1963 ባሉት ሰባት የሉቃስ ዓመታት ሰባት የተለያዩ ዕለታት ላይ ይውላል፤ ወደ መጀመሪያው ዕለት የሚመለሰው በ1967 ነው። ስለዚህ ዕለቱ ካለ ዓመቱም አለ። ሌላ ቦታ ላይ ቁጥር በግእዝ ተጽፎ ካገኘሽ ፮ እና ፯ን በእጅ ጽሑፍ ለመለየት ሁለት ሰው ይይልሽ፤ እዚያ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ወደ ዳዊቱ ስንመጣ እባክሽ ቶሎ አትደምድሚ። «ወለተ ኪዳን» በጣም የተለመደ የክርስትና ስም ነው። የባላምባራስ ሚስት ልትሆን ትችላለች፤ እናታቸው፣ እኅታቸው፣ ልጃቸው፣ ወይም ዳዊቱን ከእሳቸው በኋላ የያዘችው ሰውም ልትሆን ትችላለች። ዝምድናውን የሚናገረው የግእዙ ቃል ነው፤ «ብእሲቱ» ሚስቱ፣ «እሙ» እናቱ፣ «እኅቱ» እኅቱ፣ «ወለቱ» ሴት ልጁ ማለት ነው። ያ የተፋቀ ቦታ ከእነዚህ አንዱን ወይም የቀደመ ሰው ስም ይዞ ሊሆን ይችላል። ክፍሉን አጨልሚና የእጅ ባትሪ ከቅጠሉ ጋር በጣም አጋድመሽ ከአራቱም ጎን እያበራሽ ፎቶ አንሺው፤ ብዕሩ ብራናው ላይ የተወው ጭረት በጥላ ይወጣ ይሆናል። ውኃ፣ ዘይት፣ ኬሚካል የሚባል ነገር እንዳታስነኪው። ወረቀቱንም ላሚኔት አታስደርጊው፤ ፕላስተርም አትለጥፊበት፤ ሙጫው ቀለሙን ይበላዋል፣ ከዚያ በኋላ መመለሻ የለውም። ደግሞ መጨረሻው ቅጠል ላይ ብቻ አትቁሚ። ጸሐፊዎች የባለቤቱን ስም በቀይ ቀለም መሐል ላይ ያስገባሉ፤ ከመዝሙሮቹ ማብቂያ፣ ከመኃልየ ነቢያቱ በኋላ፣ ከውዳሴ ማርያሙ ሥር። «ለገብርከ» ወይም «ለአመትከ» የሚሉትን እያየሽ ቅጠል በቅጠል ግለጪ። ግእዝ የሚያውቅ ዲያቆን ወይም ቄስ አጠገብሽ ይቀመጥልሽ።

የአጎትሽ ልጅ ባሳተመው ሐረግ ላይ ያሉትን ወይዘሮ የክርስትና ስም ማወቅም ያስፈልግሻል። ልጆቻቸው ተዝካር ሲያወጡ በምን ስም እንደተጠሩ የሚያስታውስ ዘመድ አይጠፋም። የእሳቸው ስም ወለተ ኪዳን ከሆነ ዳዊቱ ስለምትፈልጊያቸው ሴት ምንም አልተናገረም፤ በዚያ አትዘኚ። የተለየ ከሆነ ግን ወለተ ኪዳን እንደ ጥርጣሬ ትያዝ፤ ገና መልስ አይደለችም።

ስም ራሱ እንዴት እንደሚያሳስት ልንገርሽ። የዚያ ዘመን ሴት ወላጆቿ ያወጡላት ስም አላት፤ በተወለደች በ80 ቀኗ የተቀበለችው የክርስትና ስም አላት፤ ሙሽራ ሆና ስትገባ አማቷ የሚያወጡላት ሌላ ስም ሊኖራት ይችላል። ባሏ ሞቶባት ቆብ ከደፋች ደግሞ እማሆይ እገሊት ተብላ እንደገና ስሟ ይለወጣል። ፍርድ ቤት በዓለም ስሟ፣ ቤተ ክርስቲያን በክርስትና ስሟ፣ የባል ዘመድ በሙሽራ ስሟ ያውቃታል። ስለዚህ ሁለት ስም ስላገኘሽ ሁለት ሴት አገኘሁ አትበዪ፤ አንድ ስም ሁለት ቦታ ስላየሽም አንድ ሴት ናት አትበዪ። ስሙን ከቦታውና ከዝምድናው ጋር አብሮ ሲገጥም ብቻ ተቀበዪው። በባላቸውም ስም ብቻ አትፈልጊያቸው። ያኔ ፍቺ ብርቅ አልነበረም። ሴቲቱ ወደ አባቷ አገር ተመልሳ ሌላ ባል ታገባለች፤ ልጁ ከአባቱ ጋር ይቀራል። የአያትሽ እናት በወገኖቻቸው ዘንድ የሚታወሱት የሌላ ሰው ሚስት፣ የሌሎች ልጆች እናት ሆነው ሊሆን ይችላል። የአያትሽ ዝምታ ከሞት ይልቅ ከዚህ መጥቶ ይሆን? መልሱን አናውቅም፤ ግን ልብሽ ለሁለቱም ይዘጋጅ።

ከመሄድሽ በፊት ከሜሪላንድ ሆነሽ የምትሠሪው አለ። በ1960ዎቹ አጋማሽ በኢትዮጵያ የተጀመረ የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ነበር፤ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተነስተዋል፣ ቅጂው ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የብራና መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍት አለ። በድረ ገጹ በነጻ ተመዝግበሽ በቦታና በቤተ ክርስቲያን ስም መፈለግ ትችያለሽ። በየደብሩ ወንጌል ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ የመሬት ስጦታ፣ ሽያጭና ውርስ ይጻፍ ነበር። እዚያ የአያትሽን እናት ማግኘት ዕድል ይጠይቃል፤ የአባታቸውን ወይም የአያታቸውን ስም ማግኘት ግን ይቻላል። ስትፈልጊ ሀ፣ ሐ፣ ኀን፣ ሰና ሠን፣ ጸና ፀን እያፈራረቅሽ ሞክሪ፤ አንድ ስም በሦስት ፊደል ሦስት ቦታ ተመዝግቦ ሊገኝ ይችላል።

አዲስ አበባ ስትገቢ የመጀመሪያው ሳምንት ለቤተሰብ ሳጥንና ለቢሮ ይሁን። አያትሽ ደመወዝተኛ ከነበሩ የግል ማኅደራቸውና የጡረታ ወረቀታቸው ላይ «የእናት ስም» የሚል ቦታ ሊኖር ይችላል። የቀበሌ ቅጻቸውንም እይው። ያሳደጓቸውን አክስት ወይም እንጀራ እናታቸውን ጽፈው ሊሆን ስለሚችል ብቻውን አትመኚበት። ከነጻነት በኋላ የባላምባራስ ንብረት ተከፍሎ እንደሆነ የወራሽነት ወረቀቱን ጠይቂ፤ ልጆቹ ከየትኛዋ እናት እንደተወለዱ የሚጠቅስ ይኖራል። ከዚያ ወደ ወመዘክር ሂጂ፤ በ1936 የተመሠረተው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ነው። መታወቂያሽን፣ የምትፈልጊውን በግማሽ ገጽ የሚገልጽ ደብዳቤ፣ የመዝገቡን ቁጥርና የዓመቱን ግምት ይዘሽ ቅረቢ። «የቤተሰቤን ታሪክ እፈልጋለሁ» ካልሽ የሚረዳሽ አይኖርም፤ «በዚህ ፍርድ ቤት፣ በዚህ ዓመት ግድም፣ በእነዚህ ሁለት ሰዎች መካከል የነበረ የርስት ክርክር» ካልሽ ሠራተኛው የት እንደሚጀምር ያውቃል። መዝገቡ ወደ አዲስ አበባ ሳይመጣ በአካባቢው ፍርድ ቤት ቀርቶም ይሆናልና የቡልጋ ዘመድ ካለሽ በቁጥሩ እዚያ እንዲጠይቅልሽ አድርጊ።

የጋብቻ መዝገብ ወይም የክርስትና መዝገብ አትፈልጊ፤ የውጭ አገር የዘር ሐረግ መመሪያ ያነበበ ሰው የሚደክመው በዚህ ነው። ሰማንያ በሽማግሌና በዋስ ፊት የሚፈጸም እንጂ በየደብሩ የሚመዘገብ አልነበረም። በአገር ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው።

ሁለተኛው ሳምንት የመንገዱ ሁኔታ ከፈቀደ ለአጥቢያው ይሁን። ከተቻለ የደብሩን ንግሥ ቀን ጠይቀሽ በዚያ ድረሺ፤ የተበታተኑት ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡት ያን ቀን ነው። መጀመሪያ አስተዳዳሪውን፣ ቀጥሎ ቄሰ ገበዙን አነጋግሪ። ጧፍና ዕጣን ይዘሽ ግቢ፤ ሳትጠይቂ ምንም ፎቶ አታንሺ። ወደ ተከሳሹ ቤተሰብ ስትሄጂ ደግሞ ብቻሽን አትሂጂ፤ አገሬው የሚያከብረው ሽማግሌ ይምራሽ። የሙግት ወረቀት ይዛ ከአሜሪካ የመጣች ሴት በር ላይ ስትቆም መጀመሪያ የሚመጣባቸው ፍርሃት መሬት ልትጠይቀን ነው የሚል ነው። ስለዚህ ገና ሳትቀመጪ «መሬት ፈልጌ አልመጣሁም፤ የአያቴን እናት ስም ፈልጌ ነው፤ ዘመዶቼ ሳትሆኑ አትቀሩም» በይ። ወረቀቱን ፎቶውን እንጂ ዋናውን አታሳዪ።

የምራቅ (የዲኤንኤ) ምርመራ ልታደርጊ አስበሽ ከሆነ፣ ያለሽበት አገር ስለሚያቀርበው፣ ስም አይሰጥሽም። በእናት መስመር ብቻ የሚወርደው የዘር ምልክት ደግሞ ከእሳቸው ወደ አያትሽ መጥቶ እዚያ ቆሟል፤ እናትሽ የወሰደችው የራሷን እናት ነው። የተከሳሹ ቤተሰብ ከተገኘና አንድ ሽማግሌ ፈቅደው ቢመረመሩ ዝምድናውን ሊያጠናክር ይችላል። ከዚያ በፊት ገንዘብሽን አታውጪ።

ስሙ ሲመጣ፣ አንዱ ከሌላው ያልተገለበጡ ሁለት ማስረጃዎች እስኪስማሙ ድረስ «ምናልባት» የምትለውን ቃል ከጎኑ አትንሺ። የሽማግሌ ቃልና የፍርድ ወረቀት ከገጠሙ ጥሩ ነው። የሽማግሌ ቃልና የታተመው ሐረግ ከገጠሙ ግን አንድ ማስረጃ ነው፤ የአጎትሽ ልጅ ሐረጉን የሠራው ከዚያው ሽማግሌ ሰምቶ ይሆናልና። የአጎትሽን ልጅ ዛሬውኑ «ተሳስተሃል» ብለሽ አትጣይው። የሚቀጥለውን እትም ሲያወጣ ከአያትሽ በላይ አንድ መስመር ክፍት እንዲተውና «ወላጅ እናቱ፣ ስማቸው በመጣራት ላይ» ብሎ እንዲጽፍ ጠይቂው። እንጀራ እናቲቱም ከቦታቸው አይነሱ፤ የባላምባራስ ሚስት ነበሩ።

ለሙት ዓመቱ ስሙ ባይደርስ ምን ይደረግ የሚለውን ለንስሐ አባትሽ አሁን ንገሪያቸው፤ መጋቢት እስኪደርስ አትጠብቂ። እናትሽ የተናገረችውን በራሷ ቃል ንገሪያቸው።

ዳዊቱን ይዘሽ አትሂጂ። የብራና መጽሐፍ በ1992 በወጣው የቅርስ አዋጅ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ የቤተሰብሽ መሆኑን ብታውቂም ስትመለሺ ኤርፖርት ላይ ማስረዳት ይከብድሻል። ጥርት ያለ ፎቶውን በስልክሽ፣ አንድ ቅጂ ደግሞ በወረቀት ያዢ።

አሁን አጎትሽን መልሰሽ ደውይላቸው። የሴቲቱን ስም አትጠይቂ። ስም ሲጠየቅ የሚዘጋ ሰው ስለ አገርና ስለ መንገድ ሲጠየቅ ይከፈታል። ከእነማን ጋር አትጋቡ ተብለው ነበር ያደጉት? ዘመድ ናቸውና እስከ ሰባት ቤት አይሆንም የተባሉት ከባላምባራስም ከአጎትሽ እናትም ወገን ካልሆኑ የአያትሽ እናት ወገን ሳይሆኑ አይቀሩም። አያትሽ ለማን ለቅሶ ነበር ርቀው የሚሄዱት? ከቡልጋ ሲመጣ ሳይጠራ ገብቶ የሚያድር እንግዳ ማን ነበር? የተከሳሹንስ ስም ብትነግሪያቸው፣ በቤታችሁ ያ ስም ይጠራ እንደነበር ያስታውሳሉ?